ከመኪናው ጀርባ የደበዘዙት

ፎቶግራፍ እንቅስቃሴን የሚይዘው እንቅስቃሴን በማቆም ነው። ይህ ተቃርኖ ከጥበቡ ጋር አብሮ የተወለደ ቢሆንም እንደ መኪና እሽቅድምድም ፍንትው ብሎ የሚታይበት መስክ ጥቂት ነው። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚበር የእሽቅድምድም መኪና በአንዲት ሴኮንድ 83 ሜትር ይጓዛል። የካሜራው መዝጊያ ለአንድ ሺሕኛ ሴኮንድ ብቻ ተከፍቶ ቢዘጋ እንኳ መኪናው በዚያች ቅጽበት 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት አልፏል። መዝጊያው ለአንድ ሠላሳኛ ሴኮንድ ክፍት ሆኖ ከቆየ ደግሞ የተጓዘው ርቀት ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። ፎቶግራፍ አንሺው የሚታገለው እንግዲህ ከመኪናው ጋር ብቻ ሳይሆን ከዚህ ሒሳብ ጋርም ነው።

ለትግሉ ሁለት ዘዴ አለው። አንደኛው መዝጊያውን እጅግ ፈጣን ማድረግ ነው፤ በዚህ ጊዜ መኪናው ከነጎማው ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ነገር ግን ታጥቦ ደጃፍ ላይ የቆመ ይመስላል። በየጋዜጣውና በየማስታወቂያው የሚታዩት ብዙዎቹ የእሽቅድምድም ሥዕሎች ይህ ጉድለት አለባቸው፤ ፍጥነትን አሳያለሁ ብለው ፍጥነትን ይገድሉታል። ሁለተኛው ዘዴ መዝጊያውን አዘግይቶ፣ ካሜራውን ከመኪናው ጋር እኩል እያዞሩ ማንሣት ነው። እግር ተተክሎ ወገብ ይዞራል፤ የአንሺው አካል እንደ በር ማጠፊያ ይሆናል። እጁ የሠለጠነ ከሆነ መኪናው ጠርቶ ይቀራል፣ ከመኪናው ጀርባ ያለው ሁሉ ግን ወደ አግድም ጭረት ይለወጣል። ተመልካቹ ያንን ጭረት አይቶ «ምን ያህል ፈጣን ነው!» ይላል። ጭረቱ ከምን እንደ ተሠራ ግን አይጠይቅም። ከአጥርና ከዛፍ ይሠራል፤ ከሁሉ ይበልጥ ግን ለማየት ከመጣ ሰው ይሠራል።

የአንድ የፎርሙላ ዋን ውድድር የሳምንት መጨረሻ እንደ ተለመደው ሦስት ቀን ነው። ዓርብ ልምምድ ይደረጋል፣ ቅዳሜ የመነሻ ቦታ ይለያል፣ እሑድ ደግሞ ዋናው ውድድር ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ልምድ ያለው ፎቶግራፍ አንሺ የሥራውን ትልቁን ክፍል የሚሠራው ዓርብ ዕለት ነው። የትኛው ኩርባ መኪናውን እንደሚያዘገየው፣ ፀሐይ በስንት ሰዓት በየት በኩል እንደምትወርድ፣ ከጀርባ የሚገባው የማስታወቂያ ሰሌዳ ይሁን ዛፍ ወይስ ሕዝብ፣ ይህን ሁሉ በእግሩ እየዞረ ይመረምራል። እሑድ፣ ዓርብ የታሰበው የሚሰበሰብበት ቀን ነው። ዳሩ ግን አዘጋጆች ከእሑድ ሥራው የሚፈልጉት አሸናፊው መድረክ ላይ ቆሞ ጠርሙስ እየነቀነቀ ሲረጭ የሚያሳየውን ነው፤ ከዓመት ዓመት ፊቱ ብቻ የሚለወጥ አንድ ሥዕል።

የእሽቅድምድም ሜዳ በሌለባቸው በሐይቅና በአምባሰል ይህ ሁሉ ምን ይፈይዳል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ ያለው መንገዱ ላይ ነው።

ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐይቅ ከተማ ስሟን ያገኘችው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ታላቁን የእስጢፋኖስ ገዳም ካጸኑበት ሐይቅ ነው። ዋናው የሰሜን መንገድ ከዚያ አልፎ ወደ አምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ውጫሌ፣ ከዚያም ወደ መርሳና ወደ ወልድያ ይቀጥላል። አምባሰል ስሙ ከአራቱ ዋና ዋና የዜማ ቅኝቶች ለአንዱ የተሰጠ ምድር ነው፤ ስለሆነም የአገሩ ሰው ምድሩን በዓይኑ ሳያየውም በጆሮው ያውቀዋል። በዓይን የሚያውቀው ግን ብዙውን ጊዜ ከአውቶቡስ መስኮት ነው። በዚህ መንገድ የሚያልፍ መንገደኛ ካሜራውን በመስኮት አውጥቶ ሐይቁን ወይም ተራራውን ያነሣል። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ፣ መዝጊያው ለአንድ ስድሳኛ ሴኮንድ ቢከፈት፣ ካሜራው በዚያች ቅጽበት 28 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። ይህ ርቀት ለተራራው ምንም አይደለም፤ ተራራው ጥርት ብሎ ይወጣል። በሦስት ሜትር ርቀት መንገድ ዳር ለቆመችው ሴት ግን ፊቷን አጥፍቶ ወደ ነጭ ጭረት ለመለወጥ ከበቂ በላይ ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር እዚህ ላይ ነው። የእሽቅድምድም ፎቶግራፍ አንሺው ቆሞ መኪናውን ይከተላል፤ መንገደኛው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ተራራውን ያያል። ሥራቸው ተቃራኒ ነው፤ የሚያጠፉት ግን አንድ ነው፤ በመንገዱ ዳር የቆመውን ሰው። ወሎ ለብዙ ዓመታት በዓለም ፊት የታየችው በአብዛኛው በሚያልፍ ሰው ዓይን መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ የሌንስ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የእሽቅድምድም ፎቶግራፍ ሲነሣ ሁሉም ሐያሲ የሚጠቅሰው ሥራ የፈረንሳዊው የዣክ ሄንሪ ላርቲግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 በፈረንሳይ ታላቅ ውድድር ላይ እንደ ተነሣ የሚነገርለት ይህ ሥዕል 6 ቁጥር የተጻፈበትን የእሽቅድምድም መኪና ያሳያል። መኪናው ከሥዕሉ ጠርዝ ግማሽ አካሉ ተቆርጦ ወጥቷል፤ የኋላ ጎማው ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ እንቁላል ሞላልቶ ወደ ፊት ያዘነበለ ነው። በመንገዱ ዳር የቆሙት ተመልካቾችና ምሰሶዎች ደግሞ በተቃራኒው ወደ ኋላ ተጋድመዋል። ምክንያቱ የካሜራው አሠራር ነው። የዚያን ዘመን ካሜራ መዝጊያ በመካከሉ ቀጭን ክፍተት ያለው መጋረጃ ስለ ነበር፣ መጋረጃው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ እስኪጓዝ የሥዕሉ አንድ ወገን ከሌላው ወገን ቀድሞ ይነሣል። ላርቲግ ካሜራውን ከመኪናው ጋር ሊያዞር ሞከረ፤ መኪናው ግን ቀደመው። በዚህ የተነሣ መኪናው ወደ ፊት፣ ሕዝቡ ወደ ኋላ ዘመመ።

ወጣቱ ላርቲግ ሥራውን እንደ ተበላሸ ቆጥሮ አስቀመጠው። ሥራዎቹ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ቀርበው ዝናው የናኘው ከሃምሳ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ዘወትር የሚወደስለት የጎማው ማዘንበል ነው። ውዳሴው ተገቢ ቢሆንም ግማሹን ብቻ ያየ ነው፤ የሥዕሉ ታላቅነት ያለው በተመልካቾቹ መጋደም ላይም ነውና። ማንም ሳይነካቸው፣ የመኪናው ማለፍ ብቻ ነፋስ እንደ መታው የጤፍ ማሳ አስተኝቷቸዋል። ፍጥነት በሚያልፍበት ሥፍራ የቆመ ሰው ምን እንደሚሆን ከዚያ በፊት ይህን ያህል አጥርቶ ያሳየ ሥዕል ማግኘት ያስቸግራል። አንሺው ያላሰበው መሆኑ የሥዕሉን ዋጋ አይቀንሰውም፤ ለሥነ ጥበብ መምህራን ግን አንድ የቤት ሥራ ይተዋል፤ ተማሪ ተበላሸ ብሎ የጣለውን ሥራ ከቅርጫት አንሥቶ ደግሞ ማየት።

ሌሎች ደግሞ ያንኑ መጋደም ወደውት ነበር። ላርቲግ ሥዕሉን ከማንሣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1909፣ ጣሊያናዊው ባለ ቅኔ ማሪኔቲ የፊውቱሪዝምን መግለጫ አውጥቶ የእሽቅድምድም መኪናን ውበት ከጥንታዊ የግሪክ ሐውልት ውበት በላይ አስቀምጧል፤ ጦርነትንም በዚያው ጽሑፍ አሞግሷል። ቃሉ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም፤ ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ስትወር ይኸው ባለ ቅኔ በፈቃዱ ዘምቶ መጥቷል። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የገሰገሰው ከ1,500 በሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ሲሆን፣ ፋሺስቶቹ ጉዞውን «የብረት ፈቃድ ጉዞ» ብለው ሰይመውታል። ሚያዝያ 18 ተጀምሮ ሚያዝያ 27 የተፈጸመው ይህ ጉዞ እንደ ውድድር ታወጀ፣ እንደ ውድድር ተተረከ። የዘመቻው ሥዕሎችና ፊልሞች ዋና አዘጋጅ የነበረው ሉቼ የተባለው የመንግሥቱ የፊልም ድርጅት ነው። በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ ጎማ፣ ጭቃ፣ የጭነት መኪና የሚገፋ ወታደርና ድልድይ ሞልቷል። መንገዱ የሚያልፍባቸው ቀዬዎች ባለቤቶች ግን አንድም ሰልፍ ሆነው ይታያሉ፣ አንድም ፈጽሞ አይታዩም። የፍጥነትን ውበት ለብቻው ነጥሎ የሚያመልክ ዓይን የት ሊደርስ እንደሚችል ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያስፈልግም፤ መነሻውም ከሐይቅ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ላይ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ከዚህ ዓይን መውጫ አለ ወይ የሚል ነው። ሮበርት ካፓ እ.ኤ.አ. በ1939 የፈረንሳይን የብስክሌት ዙር እንዲያነሣ በተላከ ጊዜ መልሱን ያገኘው ካሜራውን ከውድድሩ ወደ ሕዝቡ በማዞር ነው። በብሪታኒ ግዛት በምትገኝ ፕሌይበን በተባለች ከተማ፣ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የሆነው የፒየር ክሎአሬክ የብስክሌት መደብር በር ላይ የተሰበሰቡ ሰዎችን በተከታታይ ያነሣበት ሥራ አለ። መጀመሪያ ሁሉም ወደ አንድ ወገን አንገታቸውን አስግገዋል፤ ቀጥሎ ተወዳዳሪዎቹ ሲያልፉ ዓይናቸው ይከተላል፤ በመጨረሻም ሁሉም ወደ ሌላው ወገን ዞረዋል። ውድድሩ ራሱ አይታይም። ፍጥነቱን የምናነበው ከአንገታቸው ነው። ደብዛዛ የነበረው ሕዝብ እዚህ ጠርቷል፤ ጥርት ብሎ ይነሣ የነበረው ተወዳዳሪ ደግሞ ከነአካቴው ከሥዕሉ ወጥቷል። ብስክሌት መኪና አይደለም የሚል ቢኖር እውነቱን ነው፤ የተመልካች አንገት ግን ለሁለቱም የሚዞረው በአንድ ዓይነት ነው። በዚህ ሥራ ላይ አንድ ነቀፋ ቢሰነዘር፣ ካፓ የደስታ ቀን መምረጡ ነው። ሰዎቹ ለማየት የፈለጉትን አይተው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሁሉ ግን ለማየት ብቻ አይቆምም።

በሐምሌ 22 ቀን 1965 ዓ.ም. በኔዘርላንድ ዛንድፎርት በተደረገው የፎርሙላ ዋን ውድድር የሮጀር ዊልያምሰን መኪና ተገልብጣ በእሳት ተያያዘች። ሌላው ተወዳዳሪ ዴቪድ ፐርሊ የራሱን መኪና አቁሞ፣ መንገዱን ሮጦ አቋርጦ፣ ብቻውን መኪናዋን ሊያቀና ታገለ። እሳት የሚከላከል ልብስ ያልነበራቸው ተቆጣጣሪዎች ሊጠጉ አልቻሉም። ውድድሩ አልቆመም፤ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ፐርሊን የተቃጠለችው መኪና ነጂ አድርገው ስለ ገመቱት ሰውየው ድኗል ብለው አለፉ። ዊልያምሰን ሞተ። ኮር ሞይ የተባለው የኔዘርላንድ ፎቶግራፍ አንሺ ይህን በተከታታይ አንሥቶ የዓለም ፕሬስ ፎቶግራፍ ሽልማትን አግኝቷል። የሥራው ኃይል ከቅደም ተከተሉ የመነጨ ነው። አንድ ሥዕል ብቻ ቢሆን ኖሮ ጀግንነትን ብቻ ያሳይ ነበር፤ በተከታታይ ሲታይ ግን የአንድ ሰው ጉልበት እያለቀ መሄዱን፣ የሌላው ሰው ሁሉ እጅ ባዶ መሆኑን ይናገራል። የእሽቅድምድም ፎቶግራፍ በታሪኩ ፍጥነትን በግልጽ ከከሰሰባቸው ጥቂት ጊዜዎች አንዱ ይህ ነው፤ ሊከስስ የቻለውም ካሜራው መኪኖቹን መከተል ትቶ ከቆመው ሰው ጋር ስለ ቆመ ነው።

ያ ዓመት በወሎ ምን ዓመት እንደ ነበር ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያሻም። አምባሰል አውራጃ ከራያና ቆቦ፣ ከየጁና ከቃሉ ጋር ድርቁና ረኃቡ ከበረቱባቸው አውራጃዎች አንዱ ነበር። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳመለከተው፣ የተራበው ሕዝብ ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ አውቶቡሶችንና መኪኖችን እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር፤ በዚያው ወራት ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የሚወጣ እህልም ነበር። መንገዱ አንድ ነው፤ የሚያልፍበትም የሚቆምበትም አለ። በ1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ወደ ሥፍራው ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች አምጥተው በግቢያቸው አሳዩ። በጥቅምት 1966 ደግሞ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቀርቦ ዓለም አወቀ። መንገደኛው ከመስኮቱ እንደ ጭረት ያየውን ሰው እነዚህ ፊት ሰጡት።

ፊት መስጠት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሥዕል ከጎኑ በተቀመጠው ሌላ ሥዕልና ከሥሩ በተጻፈው ቃል ይተረጎማል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ ይኸው ፊልም በአገራችን ቴሌቪዥን ሲቀርብ የረኃቡ ሥዕሎች በቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕሎች መካከል ተሰክተው ነበር። ሥዕሎቹ አልተለወጡም፤ አጠገባቸው የተቀመጠው ሲለወጥ ግን ፍርድ ሆኑ። በአምባሰል፣ ውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ሥፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንድ ሆኖ ሳለ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛና በኢጣልያንኛ የተለያየ ነገር ይናገር እንደ ነበር የሚያስታውስ የአምባሰል ሰው፣ አንድ ሥዕል ሁለት የግርጌ ቃል ሊኖረው እንደሚችል ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

እሽቅድምድምንና ወሎን በአንድ ሰው እጅ ያገናኘው ሙሐመድ አሚን ነው። በናይሮቢ የተወለደው ይህ ፎቶግራፍ አንሺ በለጋ ዕድሜው ካነሣቸው ነገሮች አንዱ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው ሳፋሪ የታጠረ ሜዳ አልነበረውም፤ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በያኔዋ ታንጋኒካ የሕዝብ መንገዶች ላይ፣ በፋሲካ ሰሞን ዝናብና ጭቃ ውስጥ ይካሄድ ነበር። ውድድሩ በቀዬ መካከል ሲያልፍ ገበሬው ተመልካች ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ጭቃ የያዘውን መኪና የሚገፋ እርሱ ነው። ከሳፋሪ ሥዕሎች ጥሩዎቹ መኪናውና ገፊዎቹ በአንድ ጭቃ የተለወሱባቸው ናቸው። መጥፎዎቹ ደግሞ ከመኪናው ጎን ጦር የያዘ እረኛ ወይም አንገቷን የዘረጋች ቀጭኔ የሚያቆሙት ናቸው፤ በእነዚህ ውስጥ ሰውም አውሬም ለጎማ መሸጫ ጌጥ ሆኗል። ሰውን ከማደብዘዝ የሚብሰው ሰውን አጥርቶ ጌጥ ማድረግ ሳይሆን አይቀርም።

አሚን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ወደ ነበረችው ኮረም ደረሰ። በቢ.ቢ.ሲ. ቀርቦ ዓለምን ያነቃነቀው ፊልሙ የሚታወስበት አንድ እንቅስቃሴ አለ፤ ካሜራው ጎህ ሲቀድ በሜዳው ላይ በተቀመጠው ሕዝብ ላይ በዝግታ ይዞራል። ይህ መዞር ከእሽቅድምድሙ መዞር ጋር አንድ የእጅ ሥራ ነው፤ እግር ተተክሎ ወገብ ይዞራል። ውጤቱ ግን ተገልብጧል። በእሽቅድምድሙ መዞር የሚሮጠው ጠርቶ የቆመው ይደበዝዛል። በኮረም የሚሮጥ ነገር አልነበረም፤ ካሜራው የሚከተለው መኪና አጥቶ፣ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሰው፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ እየተሻገረ፣ ማንንም ሳያደበዝዝ ሄደ። በጭረቱ ውስጥ ማን እንደ ነበር የታየው ያን ጊዜ ነው። አሚን በግንቦት 1983 በአዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ እጁን አጥቶ፣ በሰው ሠራሽ እጅ እንደ ገና ካሜራ አንሥቷል፤ በኅዳር 1989 በኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ ተጠልፎ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አልፏል።

ይህን ሥራ ከነቀፋ ነፃ አድርጎ ማየት ስሕተት ይሆናል። ከኮረም በኋላ በመጡት ብዙ ካሜራዎች እጅ ዝግተኛው መዞር ልማድ ሆነ፤ ልማድ ሲሆን ደግሞ እንደ ጠርሙስ ረጪው አሸናፊ ፊቱ ብቻ የሚለወጥ ሥዕል ወጣው። የወሎ ሰው ከጭረትነት ወጥቶ የአንድ ነገር ምልክት ብቻ ሆኖ ቀረ። አርሶ የሚያጭድ፣ ለሠርግ የሚሄድ፣ ከነጋዴ ጋር የሚከራከር የአምባሰል ሰው በዓለም ዓይን ገና በመንገዱ ዳር ቆሟል።

በየከተማችን ያለ ፎቶ ቤት ደንበኛ የቆመች መኪና ተደግፎ መነሣትን እንደሚወድ የታወቀ ነው። ይህን የሚንቁ የተማሩ ሰዎች አሉ፤ ሊናቅ ግን አይገባውም። ሰውየው መኪናዋን አቁሟታል፤ በሥዕሉ ውስጥ ጠርቶ የሚታየው እርሱ ነው። ላርቲግ ያስተኛቸው ተመልካቾች ቀና ብለው ቢቆሙ የሚነሡት ሥዕል ይህንኑ ይመስል ነበር።

ከአዲስ አበባ ካሜራ ይዞ ወደ ሐይቅ የሚሄድ ወጣት የመጀመሪያ ሥዕሉ ሐይቁ፣ ሁለተኛው ገዳሙ፣ ሦስተኛው ተራራው መሆኑ አይቀርም። እነዚህ ሺሕ ጊዜ ተነሥተዋል። ያልተነሣው ሳምንት የመንገዱ ሳምንት ነው፤ እሽቅድምድም አንሺዎች እንደሚያደርጉት በሦስት ቀን ሊሠራ ይችላል። የመጀመሪያውን ቀን ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ባሉት ኩርባዎች የጭነት መኪና የት ማርሽ እንደሚቀይር፣ ልጆች ከትምህርት ቤት በስንት ሰዓት ወደ መንገዱ እንደሚወጡ፣ የከሰዓት ፀሐይ የትኛውን የመንገድ ዳር እንደሚያበራ ይታይ። በሁለተኛው ቀን መዝጊያው በአንድ ሠላሳኛ ሴኮንድ ላይ ይደረግ፤ ነገር ግን ካሜራው አይዙር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚያልፈው የጭነት መኪና በዚያች ቅጽበት ከግማሽ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ ጭረት ይሆናል። አቧራውን ሸሽታ ነጠላዋን ወደ አፏ የሳበችው፣ እንስራዋን በጀርባዋ ያዘለችው ሴት ግን ቆማለች፤ ዓይኗ፣ የጣቷ መገጣጠሚያና የነጠላዋ ጥለት ሳይቀር ጥርት ብሎ ይወጣል። ሦስተኛው ቀን ሥዕሉን አሳትሞ ይዞ ተመልሶ የእርሷን ቤት መፈለጊያ ነው፤ ስሟን ከሥሩ ለመጻፍ ትፈቅድ እንደሆነ ለመጠየቅ።